ለቅሶ ቤት በር ላይ የቆሙ ቆጣሪዎች

ዲዮጎ ጆታን አልወደውም ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ሰውየው ደግሞ እኛ ላይ ማግባት ልማዱ ነበር። መስከረም 2013 ላይ ለሊቨርፑል የመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታውን ያደረገው ከእኛ ጋር ነው፤ ተቀይሮ ገብቶ አገባብን። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ እንደገና ተቀይሮ ገባና ሁለት ጨመረ። በጥር 2014 በእንግሊዝ ሊግ ካፕ፣ ካራባኦ ካፕ በሚሉት፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ሌላ ሁለት። ሜዳው ዳር ቆሞ ለመግባት ሲዘጋጅ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር።

ሰኔ 26 ቀን 2017፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አንድ ጓደኛዬ ደወለ። የለየለት የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። ዘወትር ሲደውል በስድብ ነው የሚጀምረው። የዚያን ቀን ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ጆታ ሄደብን» አለኝ።

«ወዴት ክለብ?» አልኩት። የዝውውር ወቅት ነው። ሌላ ምን ላስብ?

ዝም አለ። ቀጥሎ የሰማሁት የምታውቁት ነው። ትልቅ ሰው እንባውን ለመዋጥ ሲታገል አፍንጫው የሚያወጣው ድምፅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጆታና ታናሽ ወንድሙ አንድሬ ሲልቫ ሌሊት ላይ በስፔን ዛሞራ ግዛት በመኪና እየተጓዙ ነበር። ሌላ መኪና ሊቀድሙ ሲሉ ጎማቸው ፈነዳ፤ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተቃጠለ። ሁለቱም እዚያው አረፉ። ጆታ ሳንባው ላይ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ስለነበር በአውሮፕላን እንዳይሄድ ተመክሮ፣ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ነበር ጉዞው። ዕድሜው 28። ወንድሙ 25። የሦስት ልጆቹን እናት በሥርዓት ካገባ ገና 11 ቀኑ። የሠርጉ ፎቶ በየሰው ስልክ ላይ ገና ሞቅ ብሎ ሳለ መርዶው ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ፌስቡክ ከፈትኩ። ግማሹ ሰው ያለቅሳል፤ ግማሹ ደግሞ በሚያለቅሰው ላይ ይስቃል። «የማታውቀው ፈረንጅ ሞቶ ምን ያስለቅስሃል?» «አጎትህ ሲሞት እንዲህ ሆነሃል?» «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች»። ቅዳሜ፣ በቀብሩ ቀን፣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ተነሣ። ይኼኛው ፌዘኛ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ ያዘነ ይመስላል። ሥራው መቁጠር ነው። ቀብር ላይ ማን መጣ? ማን ቀረ? ማን ጥቁር ለበሰ? ማን በዚያ ቀን ሲስቅ ታየ?

እኔን የሚያናድዱኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሲያዩዋቸው ጠላቶች ይመስላሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆመው የሰው እንባ ይመዝናሉ፤ አንዱ በዛ ይላል፣ ሌላው አነሰ።

ከፌዘኛው ልጀምር። «አታውቀውም» የሚለው ነገር እውነት ነው። ጓደኛዬ ከጆታ ጋር ቡና ጠጥቶ አያውቅም። ግን ማወቅ ስንል ምን ማለታችን ነው? ጆታ አምስት የውድድር ዘመን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ከነዚህ ደጋፊዎች ጋር አሳልፏል። 182 ጨዋታ፣ 65 ጎል። ከጎሎቹ ብዙዎቹ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሒሳብ ሊከፍል ሲነሣ የመጡ ናቸው። ጥር 2017 ላይ ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር ተቀይሮ በገባ በ22 ሰከንድ አገባ። ሃያ ሁለት ሰከንድ! ኳስ ቤት ውስጥ ማኪያቶ ለማዘዝ እጅ ከማንሣት ያነሰ ጊዜ ነው። በመጋቢት ኤቨርተንን 1 ለ 0 ያሸነፉበትን ጎል ያገባው እሱ ነው። ለሊቨርፑል የመጨረሻ ጎሉ እሷ መሆኗን ያኔ ማን አወቀ?

ደግሞ ጌም ይወድ ነበር። እንደ ማንኛውም የሰፈር ልጅ። ፊፋ ላይ በዓለም ከቀዳሚዎቹ ተርታ የደረሰ ተጫዋች ነው። ጎል አግብቶ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጆይስቲክ እንደያዘ ሰው ጣቶቹን የሚያንቀሳቅስበት አከባበር ነበረው። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ያንን ሲያይ «ይኼ የኛው ነው» ቢል ምን ይገርማል? ስሙም ቢሆን የሰፈር ስም ነው። ጆታ ማለት በፖርቹጋል ቋንቋ «ጄ» የምትባለዋ ፊደል ናት፤ ከሁለተኛ ስሙ ከጆዜ የተወሰደች። ዲዮጎ ሲልቫ የሚባል በየመንገዱ ስለሞላ ከሌላው እንዲለይ የወጣችለት ነች። ከፖርቶ አጠገብ ባለችው በጎንዶማር ልጅ ሳለ ወላጆቹ ኳስ እንዲጫወት ለክለቡ ይከፍሉ ነበር እንጂ የሚከፈለው አልነበረም።

ስለዚህ ጓደኛዬ ያለቀሰው «የማያውቀውን ፈረንጅ» አይደለም። እናውቃለን ብለን በዓመት አንዴ ለበዓል ከምንደውልላቸው ዘመዶች ይልቅ ይህን ልጅ አብዝቶ አይቶታል።

ሌላም ነገር አለ። እናቴ ለቅሶ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ አውቃለሁ። የሟች ስም ሌላ ነው፤ እሷ ግን መሃል ላይ የወንድሟን ስም ትጠራ ነበር። ልጅ ሳለሁ አፍሬ «እማዬ፣ ስሙን ተሳሳትሽ» ብያታለሁ። አልተሳሳተችም። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የራሱን ሙት ይዞ ነው የሚገባው። ቤተሰቡም ያውቃል፤ ማንም «ይህ የኛ ለቅሶ ነው፤ ያንተን ቤትህ አልቅስ» አይልም። ድንኳን የሚጣለው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሁሉም ሙት እንዲገባበት።

የጓደኛዬን ነገር ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የኢስታንቡሉን ፍጻሜ፣ ሊቨርፑል ሚላንን 3 ለ 0 ከተመራ በኋላ ያሸነፈበትን፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነበር ያየው። ሊቨርፑልን ያወረሰው እሱ ነው። ያ ወንድሙ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። «ከወንድሙ ጋር ሞተ ሲሉኝ አቃተኝ» አለኝ። ሌላ አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ታዲያ ይህን ሰው «አጎትህ ሲሞት እንዲህ ሆነሃል?» የሚለው ማን ነው?

ቋንቋችን ለዚህ ነገር ቃል አለው። እርም ማውጣት። አስከሬኑ ሩቅ ነው፤ ቀብሩ አልተደረሰበትም፤ ሰውየው ግን ሞቷል። መርዶው በመጣበት ቦታ ተቀምጦ ይለቀሳል። በአረብ ሀገር የምትሠራ ልጅ የእናቷን መርዶ በስልክ ሰምታ፣ አሠሪዎቿ አንድ ቀን ከፈቀዱላት፣ ጓደኞቿ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው እርሟን ታወጣለች። ንፍሮ ይቀቀላል። ፎቶ ይቀመጣል። አስከሬኑ የለም፤ ለቅሶው ግን ለቅሶ ነው።

በአንፊልድ ደጃፍ የተደረገውም ይኸው ነው። ጆታ የተቀበረው ጎንዶማር ነው። የሊቨርፑል ሰው ግን የት ይሂድ? ወደ ስታዲየሙ ሄደ። አበባ፣ ስካርፍ፣ ማልያ፣ በልጅ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ፣ አልፎ አልፎም የጌም መጫወቻ። የከተማው ባላንጣ ኤቨርተኖች ሰማያዊ ማልያቸውን ይዘው መጡ። ማንችስተር ዩናይትዶችም መጡ። ከሊቨርፑል በፊት በተጫወተበት በዎልቭስም ሜዳው ደጅ ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድጉ አብሯቸው ነበርና። በድሮው የሀገራችን ለቅሶ የሟች ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻና ጠመንጃው ተይዞ በለቅሶው መሃል ይዞር ነበር። ቀብሩ ላይ የሊቨርፑሉ አምበል ቫን ዳይክ በማልያ ቅርጽ የተሠራ፣ የጆታ 20 ቁጥር ያለበት የአበባ ጉንጉን ይዞ ሲገባ ትዝ ያለኝ ያ ነው። የቡድን ጓደኛው ሮበርትሰን ደግሞ 30 ቁጥር ያለበትን ይዞ ነበር። የአንድሬን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ስለ አንድሬ የጻፈ ጥቂት ነው። በፖርቹጋል ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለፔናፊየል ይጫወት ነበር። ዓለም «ጆታና ወንድሙ» ብሎ አለፈው። እናትየው ግን የቀበረችው አንድ ኮከብና አንድ ወንድም አይደለም። ሁለት ልጅ ነው፤ ያሏት ወንዶች ልጆች እነሱ ብቻ ነበሩ። 30 ቁጥርን ያስታወሰ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቆጣሪ ልምጣ፤ ማን ቀረ ወደሚለው።

ክርስቲያኖ ሮናልዶ አልመጣም። ጆታ የሚጫወትበት የፖርቹጋል ብሔራዊ ቡድን አምበል ነበር። ገና ሰኔ 1 ቀን ሙኒክ ላይ ስፔንን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው የኔሽንስ ሊግ ዋንጫ አብረው አንሥተዋል። እና ቀረ። በአንድ ቀን ውስጥ ሰውየው ድንጋይ ልብ ተባለ፤ ራሱን ብቻ የሚወድ ተባለ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ «ምነው?» ብያለሁ። ሀገራችን ውስጥ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ቅያሜው እስከ ልጅ ልጅ ይወርዳል። የዕድር ጸሐፊ ስም እየጠራ የቀረውን የሚቀጣበት ሀገር ነው ያደግነው።

ከወራት በኋላ በሰጠው ቃለ መጠይቅ ሮናልዶ ምክንያቱን ተናገረ። አባቱ ከሞተ ወዲህ መቃብር ስፍራ ረግጦ አያውቅም። ደግሞም እሱ የሄደበት ቦታ ሁሉ ግርግር ይሆናል፤ የጆታን ቀብር የራሱ ትዕይንት ማድረግ አልፈለገም። ያመነው አመነ፤ ያላመነው አላመነም። እኔ የማውቀው ግን ይህን ነው። የሮናልዶ አባት የሞተው 2005 እ.ኤ.አ. ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መቃብር ያልረገጠ ሰው የያዘውን ነገር ከስልክ መስኮት ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ካሜራ ያየው ባዶ ወንበሩን ብቻ ነው።

በሊቨርፑል የቡድን ጓደኛው የነበረው የልዊስ ዲያዝ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይቆረቁራል። ጥቅምት 2016 ላይ የዲያዝ አባት ኮሎምቢያ ውስጥ ታግተው ነበር። ሊቨርፑል ከፎረስት ጋር ሲጫወት ጆታ አገባና የዲያዝን 7 ቁጥር ማልያ ከፍ አድርጎ አሳየ። ያ ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ጆታ በተቀበረ ቀን ዲያዝ ሀገሩ ውስጥ በአንድ ዝግጅት ላይ ታየ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ የለጠፈው ሰው ብዛት! «እሱ ማልያህን አነሣልህ፤ አንተስ?»

እውነት ለመናገር ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ያማል። ግን ጆታ ያንን ማልያ ያነሣው ለብድር አልነበረም። ወዳጅ ያደረገልህን ነገር ሌላ ሰው መጥቶ እንደ ዕዳ ሲያስከፍልህ፣ ስጦታው ራሱ ይበላሻል። ዲያዝ የሞቱ ቀን የተሰማውን በጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ ያንን ማልያ ጠቅሶ። ቆጣሪዎቹ ያንን መዝገብ ላይ አላሰፈሩትም።

የመጣውንም ቢሆን እንየው። ሩበን ኔቬስ። ከጆታ ጋር በፖርቶ፣ በዎልቭስና በብሔራዊ ቡድን የተጫወተ፣ እንደ ወንድም የሚተያዩ። ሰኔ 27 ቀን፣ አርብ፣ አሜሪካ ኦርላንዶ ውስጥ ለሳዑዲው አል ሂላል በክለቦች የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ተሰለፈ። ከጨዋታው በፊት በሕሊና ጸሎት ላይ እሱና የቡድን ጓደኛው ካንሴሎ አለቀሱ። ከዚያ ተጫወቱ። 2 ለ 1 ተሸነፉ። ኔቬስ በዚያው ሌሊት በርሮ ቅዳሜ ጠዋት ጎንዶማር ደረሰ። ከተሸከሙት ሰዎች መሃል ሆኖ የጓደኛውን ሣጥን በትከሻው ተሸከመ።

ሁሉም ሰው «እውነተኛ ጓደኛ ማለት ይህ ነው» አለ። እኔም ብያለሁ። ግን አንድ ሰው ቆም ብሎ «ይህን ልጅ አርብ ዕለት ማን ነው ያጫወተው?» አላለም። ነጠላ አዘቅዝቆ መቀመጥ ያለበትን ሰው ጫማ አስረህ ውጣ ያለው ማን ነው? ቆጣሪዎቹ ይህን አይቆጥሩም። ሮናልዶ ባዶ ወንበር ትቷል ብለው ሲጮኹ የጨዋታ መርሐ ግብር የሚያወጡትን ሰዎች አንድም ቃል አልተናገሯቸውም።

እኛ ቢያንስ ለሐዘን ቀን አለን። ሰልስት አለ፤ አርባ አለ፤ ሰማንያ አለ፤ መንፈቅ አለ፤ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛው መቼ መነሣት እንዳለበት ራሱ አይወስንም፤ ቀኑ ይወስንለታል። ኳስ ውስጥ የሚወስነው ቴሌቪዥኑ ነው። ሊቨርፑል በ11ኛው ቀን ፕሬስተን ላይ የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ። መሐመድ ሳላህ ከዚያ በፊት የጻፈውን አስታውሳለሁ። ከእረፍት ወደ ሊቨርፑል መመለስ የሚያስፈራኝ ነገር ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ የሚል ሐሳብ ነበረው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የዚያ ልጅ ቦታ አለ። ጠዋት ገብተህ እዚያ አጠገብ ጫማህን ታስራለህ። በዓለም ያለ ገንዘብ ሁሉ ለዚህ ምን ያደርጋል?

ነሐሴ 4 ቀን ደግሞ ዌምብሌይ ላይ ከክሪስታል ፓላስ ጋር ኮሚኒቲ ሺልድ የሚባለው የዘመኑ መክፈቻ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ብንቆጥረው በ39ኛው ቀን ነው። በአርባው ዋዜማ። በእኛ ቤት ቢሆን ድግሱ ተጠንስሶ፣ ዘመድ ከየገጠሩ እየገባ ነው። እዚያ ግን የሕሊና ጸሎቱ መሃል ከፓላስ ደጋፊዎች በኩል ጩኸት ተሰማና ዳኛው አሳጥሮ አቆመው። ጸሎት ላይ መሆኑን አላወቁም ይሆናል የሚል ማብራሪያ ተሰጠ። ሊሆን ይችላል። ለአርባ ቤት ጠላ ጠጥቶ የሚዘፍን ሰው እኛም ጋ አይጠፋም።

ደጋፊው ግን የራሱን ቀን ፈጠረ። ይህን ነው የማደንቀው። ማንም ሳያዘው፣ በ20ኛው ደቂቃ ላይ ተነሥቶ የጆታን መዝሙር መዘመር ጀመረ። ክለቡ 20 ቁጥርን ከዋናው ቡድን ጀምሮ እስከ ሴቶቹና እስከ ታዳጊዎቹ ድረስ ለዘለዓለም ከማልያ ላይ አነሣ። በክለቡ ታሪክ እንዲህ ተደርጎ አያውቅም። 20 ደግሞ በዚያው ዓመት ያነሡት የሊግ ዋንጫ ቁጥር ነው፤ ሃያኛው። ቁጥሩ ማልያ ላይ የለም፤ ሰዓቱ ላይ ግን አለ። በየሳምንቱ ይመጣል።

ነሐሴ 9 ቀን፣ የሊጉ መክፈቻ፣ ከበርንማውዝ ጋር። ከጨዋታው በፊት ደጋፊው ካርቶን እያነሣ «ዲጄ 20» እና «ኤኤስ 30» የሚል ጽሑፍ ሠራ። አንድሬም አልተረሳም። ሊቨርፑል 4 ለ 2 አሸነፈ። አራተኛዋን ሳላህ ነው ያገባው። ሲያልቅ ሳላህ ብቻውን ኮፕ ወደሚባለው የደጋፊዎች ጥግ ዞሮ ቆመ። እነሱ የጆታን ዜማ ይዘምራሉ፤ እሱ እያለቀሰ ያጨበጭባል። የግብፁ ልጅ፣ የፖርቹጋሉ ልጅ ሞቶበት፣ በእንግሊዝ ሕዝብ ፊት።

ሆኖም ደጋፊዎቹን መላእክት አድርጌ አልሥላቸውም። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ሜዳ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ፣ የበርንማውዙ ሴሜንዮ ከተመልካች መሃል በዘሩ ተሰደበ፤ ጨዋታው ቆመ። አንዱ ላይ አልቅሶ ሌላውን መስደብ የሚችል ፍጡር ሰው ብቻ ነው።

ሊቨርፑል ከተማዋ ራሷ በዚህ ነገር ብዙ አይታለች። ሚያዝያ 1989 እ.ኤ.አ. በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ 97 ደጋፊዎች ሞተዋል። ገና ሬሳው ሳይቀበር አንድ ጋዜጣ ጥፋቱን በራሳቸው በደጋፊዎቹ ላይ ጫነው፤ ሐሰት ነበር። ልጆቻቸው በሕገወጥ መንገድ መገደላቸው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ እስከ 2016 እ.ኤ.አ.፣ ወላጆቹ 27 ዓመት ተሟገቱ። ይህ ሕዝብ ሲያለቅስ ሌላ ሰው በላዩ ላይ ሲፈርድ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ጆታ ሲሞትም «ፍጥነት አብዝቶ ነው» የሚል ክርክር ሣጥኑ ሳይዘጋ ተጀመረ። ፖሊስ የምርመራ ሥራውን ይሥራ፤ ሥራው ነው። ሰልስት ሳይወጣ ስለ ኪሎ ሜትር የሚያወራ ጎረቤት ግን ንፍሮውን ትቶ ቢሄድ ይሻላል።

አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሼ የምላቸው፣ ሌላ ጥያቄ አንሥተውብኛል። «ለመንግሥቱ ወርቁ እንዲህ አልቅሳችኋል?» አሉኝ። «ለሉቺያኖስ?» ጥያቄው ከፌዘኞቹ ጥያቄ የተለየ ነው፤ ቅሬታ አለበት። 1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ ሁለቱም አግብተዋል። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በደርግ ዘመን ተሰዶ ጣሊያን ገባ፤ 2022 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። አዎ፣ የሱ ሞት እዚህ ብዙ ደጅ አላንኳኳም።

ለጋሼ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ግን ለሉቺያኖ ያላለቀስነው ለጆታ ስላለቀስን አይደለም። ሉቺያኖ ሲያገባ ያየ ሰው ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ነው። ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ደጋግሞ የሚያሳይ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥፋት የኛው ነው፤ ታሪካቸውን ያልነገርን፣ ስማቸውን ያላኖርን። ለጆታ የሚለቀሰውን እንባ ብንቀንስ ለሉቺያኖ አይጨመርለትም። ጋሼ ራሳቸው በመጨረሻ «ሃያ ስምንት ዓመት ነው አልከኝ? ልጅ ነው እኮ» ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ።

በኅዳር 2018 ስኮትላንድ ዴንማርክን 4 ለ 2 አሸንፋ ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። አምበሉ ሮበርትሰን፣ ያ 30 ቁጥርን የያዘው፣ በደስታ መሃል ማይክ ሲቀርብለት ቀኑን ሙሉ ጆታ ከአእምሮው እንዳልወጣ ተናገረ። ስለ ዓለም ዋንጫ ብዙ ያወሩ ነበር። ጆታ የ2022 እ.ኤ.አ. የኳታር ውድድር በጉዳት አምልጦታል፤ ሮበርትሰን ደግሞ ሀገሩ አላለፈችም። ሁለቱም በቀጣዩ እንገናኝ ይሉ ነበር። ይህን የተናገረው በአምስተኛው ወር ነው። አንድም ቆጣሪ «ገና ነህ እንዴ?» አላለውም፤ ደግ አደረጉ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ነሐሴ 25 ቀን፣ እሑድ፣ ሊቨርፑልና አርሰናል አንፊልድ ላይ ሲጫወቱ አንድ ኳስ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንደ ወትሮው ስድብ አልተሰዳደብንም። ሐዘንተኛ ነው ብዬ ምላሴን ይዣለሁ። 20ኛው ደቂቃ ሲደርስ ከቴሌቪዥኑ ዜማው ተሰማ። እሱ ተነሥቶ ቆመ። ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎችም ከየጥጉ ተነሡ። ከኋላ አንዱ «ተቀመጡ፣ አይታይም!» ሊል አፉን ከፈተና ነገሩን ሲረዳ ዝም አለ። እኔ ምን ላድርግ? በግማሽ ተነሣሁ። የአርሰናል ማልያ ለብሼ፣ በወንበርና በመቆም መሃል።

ዜማው አለቀ። ተቀመጠ። ጉንጩን በእጁ ጀርባ ጠረገና «ሻይ ትጠጣለህ?» አለኝ። ጠጣን።

83ኛው ደቂቃ ላይ የሊቨርፑሉ ሶቦስላይ ከሩቅ ቅጣት ምት መትቶ ገደለን። ያ ሐዘንተኛ ወንበሩ ላይ ወጥቶ በጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ሲሰድበኝ ሄደ። ተሰናብተን ስንለያይ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ጣቶቹን ጆይስቲክ እንደያዘ ሰው እያንቀሳቀሰ አሳየኝ።